መልካው ላይ ያረዳሁት ሽማግሌ

ጋኔን፣ ዛር፣ ቡዳ፣ መንገድ መታጠፊያ ላይ ብድግ የሚል ነጭ ለባሽ፣ እነዚህን ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ በአፍም በጽሑፍም ስሳለቅባቸው የኖርኩ ሰው መሆኔን ከእናንተ አንዳንዱ ያውቃል፣ ጎረቤቶቼ ተሰብስበው አየን የሚሉትን ሲያወሩ «ከማየትህ በፊት ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» እያልኩ ጨዋታቸውን የማበላሽባቸው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ያንኑ ጥያቄ እጠይቀው ነበር፣ እናንተም ብትጠይቁኝ አልቀየምም። መልሴ አጭር ነው፤ ውሃ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ እሱም የአዋሽ ውሃ።

ደግሞም ላስፈራራችሁ አይደለም የምጽፈው። ቄስ ዘንድ ሄጄ መናገር የነበረብኝን፣ ንስሐ የሚባለውንም እንደሌላው ነገር ሁሉ ስለነቀፍኩት፣ እናንተ ላይ ላራግፈው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ጽሑፌ ነው። በዚያ ዓመት በጋዜጣ ላይ መርዶን የሚነቅፍ ረዘም ያለ ነገር አውጥቼ ነበር፣ አገራችን ሰው ሲሞት ዘመዱን «ትንሽ አሞት ነው» እያለች ስንት ቀን ትዋሻለች፣ ሰውየውን እራት አብልታ፣ ሽማግሌ ሰብስባ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩታ፣ ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ራሱን እንዳይጎዳ በአራት ሰው አስይዛ፣ እውነቱን የምትነግረው፣ ይህ ለአዋቂ ሰው ንቀት ነው፣ ሰው ኀዘኑን በሰዓቱ ማወቅ አለበት፣ ብዬ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፣ እመኑኝ፣ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

በዚያው በጋ ብስክሌቴን በባቡር ጭኜ ሞጆ ወረድኩ። ሐሳቤ በድሮ ጊዜ በሸዋና በአርሲ መካከል ወሰን የነበረውን የአዋሽን አገር ብቻዬን አምስት ቀን ልዞረው፣ በመሸበት ሜዳ ላይ ከአቡጀዲ ያሰፋኋትን ድንኳን ተክዬ በሶዬን በጥብጬ ላድር፣ ስመለስም ወሰን ማለት ፍየል የምትሻገረው ውሃ እንደሆነ የሚያስረዳ ሌላ ጥሩ ጽሑፍ ልጽፍ ነበር። ብስክሌት በዚያ አገር መንገድ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቃል፣ ከጋለብኩት የገፋሁት ይበልጣል፣ ከገፋሁትም የተሸከምኩት።

አዳማ አጠገብ ፀሐይ ስትጠልቅ ድንኳኔን ስተክል አምስት ስድስት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው መጡና ከበቡኝ፣ እኔን ሳይሆን ብስክሌቱን ነበር የሚያዩት።

«ይቺ ጎማ እስካሁን ስንት ጋሻ ቆጠረች?» አለኝ ትልቁ።

«አትቆጥርም፣ ትዞራለች እንጂ።»

«ስትዞር ነዋ የምትቆጥረው! ቀላድ በገመድ መጣል ቀርቶ በብረት ሆነ?»

«መሬት ለኪ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ቤት ሞልቶ ሜዳ ላይ የሚያድረው ማነው? ወይ መሬት ለኪ ነው፣ ወይ ሚስቱ ያባረረችው ነው።»

«ሁለተኛው ነኝ» አልኩ፣ ሳቁ፣ አንዱ «ምን አድርገሃት ነው?» እያለ እስከ ጨለማ ድረስ መረመረኝ፣ አንዱም በቅል ወተት አመጣልኝ። ሚስቴ አላባረረችኝም፣ እንዲያውም ስንቄን የቋጠረችልኝ እሷ ናት። ይህችን ትንሽ ውሸት ያን ጊዜ አላስተዋልኳትም፣ እናንተ ግን ያዙልኝ።

በማግስቱ ወለንጪቲ ደረስኩ፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ጣቢያው አጠገብ እህል የሚነግዱ ሽማግሌ «በእኔ ደጅ ላይ ሰው ሜዳ ላይ አያድርም» ብለው ድንኳኔን ግቢያቸው ውስጥ እንድተክል አደረጉኝ። ገና ካስማ ስመታ አንዲት ወጣት ሴት ጨው ተሸክማ ገባች፣ ብስክሌቱን ስታይ ቆመች፣ ዞራ ዞራ አየችውና ደወሉን በአንድ ጣቷ ነካችው፣ ሲጮህ ደንግጣ ጮኸች፣ ከዚያ በራሷ ጩኸት ሳቀች።

«ይሄን ለአማቴ ለአባባ ገመዳ ባወራለት አያምነኝም» አለች፣ ቀጥላም ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ «አባባ ቱሉ፣ ከለማ ወሬ አለ?»

«ደህና ነው» አሉ ኦቦ ቱሉ። «ሥራ በዝቶበት ነው። ለበዓል ይመጣል።»

«ደህና ከሆነ ይቆይ፣ እኔ መቼ ናፈቀኝ አልኩ» ብላ እየሳቀች ወጣች። እሷ ከግቢው እንደወጣች ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ቆይተው እንደነገሩኝ ለማ የእሷ ባል፣ የሳቸው የእህት ልጅ ነው፣ መተሐራ ባቡር ጣቢያ እንጨት ይጭን ነበር፣ ወባ ጥሎት ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት፣ ወሬውን ጠዋት ያመጣው የባቡሩ ሰው ነው። ሴትዮዋ ጫልቱ ትባላለች፣ የምትኖረው ከአዋሽ ማዶ፣ በአቦምሳ መንገድ ባለች መንደር፣ ከለማ አባት ከኦቦ ገመዳ ጋር ነው፣ ሽማግሌው ታመው አልጋ ላይ ናቸው፣ የምታስታምማቸው እሷ ናት።

«ስማኝ ወንድሜ» አሉኝ። «እኔ ነገ በባቡር መቃብሩን ለማየት እሄዳለሁ። አንተ ወደ አዋሽ መሻገሪያ፣ ወደ መልካው ነው የምትሄደው። መንደሩ ስትደርስ ኦቦ ጅማ የት ነው ብለህ ጠይቅ፣ የአገር ሽማግሌ ነው፣ ለእሱ ብቻ ንገር፣ እሱ ዘመድ ሰብስቦ፣ አብልቶ፣ ሲነጋ እንደ ደንቡ ያረዳቸዋል። ገመዳ ልቡ ደካማ ነው፣ በድንገት ከሰማ ይሞታል። ለእሱም፣ ለእሷም፣ መንገድ ላይ ለምታገኘውም፣ ትንፍሽ እንዳትል። የሰማይ የምድር አደራ።»

«እሺ» አልኩ፣ በሆዴ ግን «ይኸውላችሁ ጽሑፌ በእግሩ ቆሞ» እያልኩ ነበር፣ አንድ ሰው ባሏ የሞተባትን ሴት ዓይኗን እያየ «ለበዓል ይመጣል» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁና።

ጫልቱ ከገበያተኞች ጋር በሌሊት ተነሥታ ሄዳለች፣ እኔ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሣሁ፣ መንገድ ላይም እሾህ ጎማዬን ሁለት ጊዜ በሳው፣ ስለዚህ ወደ አዋሽ ከሚወርደው ጉብታ ላይ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። እዚያ ጉብታ ላይ የድሮ ጠባቂዎች የካቡት የድንጋይ ክብ አለ፣ አንዱ ወገን ሌላውን ሲጠብቅ የኖረበት፣ ማዶም ልክ እሱን የሚመስል ክብ ይታያል፣ ቁጭ ብዬ ስለሱ ጥቂት ነገር ጻፍኩ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ድምፅ ሳይሆን የድምፅ መጥፋት ነው፣ ስጽፍ ሳለ ሲጮሁ የነበሩት ወፎች ዝም ብለዋል፣ ነፋሱም ቆሟል፣ ሙቀት ነው አልኩ። ከዚያ ከኋላዬ ኳ አለ፣ ዱላ ድንጋይ ሲመታ፣ ጥቂት ቆየና ደግሞ ኳ። ዞር ስል ማንም የለም። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት፣ እንዴት እንደሚፈጥን ታውቃላችሁ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር የምወርደው፣ ዱላው ግን አልራቀም፣ አልቀረበምም፣ በዚያው በሽማግሌ እርምጃ፣ ኳ፣ ዝም፣ ኳ፣ ልክ ከኋላዬ። የላላ ነገር ጎማው ላይ እየመታ ነው ብዬ ቆምኩ፣ ስቆምም ቀጠለ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፊቴን ወደ ወንዙ ሳዞር ሽማግሌው መልካው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

ከኋላ ሲመጣ ከነበረ ድምፅ ቀድመው እንዴት እዚያ እንደተቀመጡ በጊዜው አልጠየቅኩም። በዚያ ሙቀት ቡሉኮ ተከናንበዋል፣ ቡሉኮው ትከሻው ላይ እሳት የበላው ቀዳዳ አለው፣ የታመመ ሰው ቤት የሚሸተው የፌጦና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ይመጣል፣ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«አካም ኦልቴ» አሉኝ፣ እንዴት ዋልክ ማለታቸው ነው፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ከየት ነው?»

«ከወለንጪቲ።»

«ቱሉን አየኸው?»

«እሳቸው ዘንድ ነው ያደርኩት።»

«ስለ ለማ ምን አለህ?»

ደነገጥኩ። «እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«አባቱ።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እውነቱን ልናገር። ሽማግሌው አልጋ ላይ ናቸው መባሌን አልረሳሁም፣ ተሽሏቸው ተነሥተዋል ብዬ ተደሰትኩ እንጂ። «ደህና ነው» ማለት እችል ነበር፣ አምስት ፊደል ናት። ጽሑፌ ትዝ አለኝ፣ ሰው ኀዘኑን በሰዓቱ ማወቅ አለበት ያልኩት፣ አሁን የመጣው ፈተና ነው አልኩ፣ ይህ ለሰው የምነግረው ምክንያት ነው። ሌላም ነበር፤ ደክሞኛል፣ ከማዶ ያለው ዳገት ይታየኛል፣ ለአባትየው እዚሁ ከነገርኳቸው መንደር ድረስ መውጣት አይኖርብኝም፣ ወንዙ ዳር ድንኳኔን ተክዬ እታጠባለሁ፣ እተኛለሁ። ይኸው ነው። አደራዬን የበላሁት ለመርሕ አልነበረም፣ ለዳገት ነው።

«አባባ» አልኩ፣ «ውሸት አልወድም። ለማ ሞቷል። መተሐራ ቀብረውታል።»

አላለቀሱም። ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው የብስክሌቱን ደወል በአንድ ጣት ነኩት፣ ጮኸ፣ ልክ እንደ ጫልቱ ደነገጡ፣ አልሳቁም እንጂ።

«ለጫልቱስ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

«ደግ አደረግክ» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንግዲህ ልመለስ። ተኝቼ ነበር።»

ብስክሌቱን አንዲት ቀጭን ዛፍ ላይ ላስደግፍ ጎንበስ አልኩ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ቀና ስል ማንም የለም። ያ ቦታ ጥንቸል የማይደብቅ ገላጣ ነው፣ ውሃው ጉልበት አይሞላም፣ ከማዶ ያሉት ድንጋዮች ደረቅ ናቸው፣ የእርጥብ እግር ዱካ የለም። ከመልካው በታች ያለው ጥልቁ ወሰዳቸው ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ሮጥኩ፣ ተጣራሁ። ስለዚህ ዳገቱን ወጣሁት፣ ያን ያህል የሸሸሁትን ዳገት፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ ሰው ሰጠመ ብዬ ለመናገር።

መንደሩ ሳልደርስ ለቅሶ ሰማሁ፣ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ብቻ። አንድ ረጅም ሰው ወደ እኔ መጡ፣ ኦቦ ጅማ ነበሩ።

«ከቱሉ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ገመዳ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ልጄ ሞተ እያለ ነው። እውነት ነው?»

«ገመዳ የት ናቸው?» አልኩ።

«የት ይሆናል፣ አልጋው ላይ ነዋ። ሦስት ወር ሙሉ ደጅ አልወጣም፣ ዛሬም ጎኑን እንኳ ያዞሩለት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ለማ መሞቱን አረጋገጥኩላቸው፣ ሌላ አልተናገርኩም፣ ይዘውኝ ገቡ። ገና በሩ ላይ የፌጦና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ተቀበለኝ። መደቡ ላይ፣ ትከሻው የተቃጠለውን ቡሉኮ ለብሰው፣ እግራቸው እንደ እንጨት ቀጥኖ፣ ያው ሽማግሌ ተኝተዋል። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጭስ ጥላሸት አልብሶታል፣ ማንም እንዳልነካው ያስታውቃል። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ጫልቱ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፣ የባሏን ሞት ከአማቷ አፍ ነው የሰማችው፣ እንድታለቅስ ግን አልተዋትም፣ የገመዳ ታናሽ ወንድም ቆሞባታል።

«ከገበያ ዛሬ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ! ሰምተሽ መጥተሽ በታመመ ሰው ላይ አፈሰስሽበት!»

«አልሰማሁም! በልጄ እምላለሁ አልሰማሁም! አባባ ቱሉ ደህና ነው ነው ያለኝ!» አለችና አየችኝ። «ይኸው፣ ይሄ ሰውዬ ነበረ፣ ጠይቁት!»

«ኦቦ ቱሉ ደህና ነው ብለዋታል» አልኩ።

«ገበያው ላይ ከባቡር የወረደ ስንት ወሬኛ አለ» አለ ወንድምየው። «ገመዳ የሚጮህ ብረት የያዘ ሰው መልካው ላይ ነገረኝ ይላል። ይሄን ብረት ትናንት ማነው ያየው? እሷ ናት! እሷ ናት ያወራችለት፣ ከወሬው ጋር ደባልቆት ይቃዣል።»

እንግዲህ ተመልከቱ፣ እኔ እንኳ ከዚህ የተሻለ ላቀርብ የማልችለው ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ አእምሮ ያለው ሰው ሊለው የሚገባው ያንኑ ነው። ኦቦ ጅማ ግን እኔን ያዩ ነበር።

«አንተ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መንገድ ላይ ለማንም አልነገርክም?»

ጫልቱ አፌን ታያለች። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ምን ልበል? ነግሬያለሁ ካልኩ አደራ በላ ነኝ፣ ለማን ሲሉኝ ደግሞ እዚህ ለተኙት ሰውዬ ልል ነው፣ እኔ፣ ሃያ ዓመት የሳቅኩት። በሆዴ አመካኘሁ፤ ሦስት ወር አልጋ ላይ ለዋለ ሰው መልካ ላይ ልነግረው አልችልም፣ ስለዚህ አልነገርኩም ብል መዋሸት አይደለም፣ አልኩ።

«ለማንም» አልኩ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፣ የሚያዩ አይመስለኝም፣ ድምፃቸው ግን የመልካው ድምፅ ነው።

«ውሸት አልወድም አለኝ» አሉ። «ሰውዬው። ውሸት አልወድም ነው ያለኝ።»

«ይቃዣል» አለ ወንድምየው። ይህን ቃል ጫልቱ ከየት ታመጣዋለች? እኔ ለማንም ሰው ብዬው አላውቅም ነበር፣ ከመልካው በቀር። አሁን ተናገር አልኩ ራሴን፣ አፌንም ከፈትኩ፣ ሳልኩና ዘጋሁት።

ኦቦ ገመዳ ሊነጋ ሲል ሞቱ፣ በደንቡ ቢሆን ሽማግሌዎቹ በሩን በሚያንኳኩበት ሰዓት። ከቀብር በኋላ የገመዳ ወንድም የጫልቱን ዕቃ በአንድ ስልቻ አድርጎ ደጅ አስቀመጠው፣ አማቷን በአፏ የገደለች ሴት በቤታቸው አትኖርም አሉ፣ ትንሹን ልጅ የእነሱ ዘር ነው ብለው አስቀሩት። በአጠገቤ ስታልፍ ብስክሌቱን አየችው፣ ደወሉን አየችው፣ ቀጥላም እኔን፣ ብዙ ጊዜ አልቆየችም።

እኔም ወጣሁ። መልካው ላይ ስደርስ ድንጋዩን ላለማየት ዓይኔን ውሃው ላይ ተክዬ ተሻገርኩ፣ እጄ መሪው ላይ ነበር፣ ጣቴ ደወሉ ዘንድ አልደረሰም፣ ደወሉ ግን አንድ ጊዜ ጮኸ። መንገዱ ኮረኮንች ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ብያለሁ። አዳማ ስደርስ ብስክሌቱን ለአንድ ነጋዴ ትቼለት በባቡር ገባሁ፣ ስለ ወሰንም አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ካቻምና ሞጆ ባቡር ቆሞ ሳለ እንቁላል የምትሸጥ ሴት በመስኮቴ ሥር መጣች። ጫልቱ ናት፣ ጠቁራለች፣ ከስታለች። ወዲያው አወቀችኝ። እንቁላል ግዛ አላለችኝም።

«ልጄን አያሳዩኝም» አለች። ከዚያ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን መንገድ ላይ ለማንም አልነገርክም?»

ባቡሩ ገና አልተነሣም፣ ጊዜ ነበረኝ፣ ብዙ ጊዜ።

«ለማንም» አልኩ።

ራሷን ሁለት ጊዜ ነቀነቀች፣ እንደ አማቷ፣ ወደሚቀጥለውም መስኮት ሄደች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስሟን ላጠራ ነው፣ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንዲያ ነው፣ ጋዜጣው ግን አዋሽን ተሻግሮ አያውቅም፣ ኦቦ ጅማ አያነቡትም፣ ወንድምየው አያነበውም፣ ጫልቱ ፊደል አልቆጠረችም፣ ይህንንም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አውቀው ነበር። አንብባችሁ «ደፋር ሰው ነው» የምትሉኝ እናንተ ብቻ ናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደጄ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ አለ፣ ከሞጆ ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ አንዳንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ወፎቹ ዝም ሲሉ፣ ኳ ይላል፣ ዝም፣ ኳ። ውሻዬ ይነሣል፣ አይጮህም፣ በሩን ያያል። ሚስቴ «ሰው መጥቷል፣ አትከፍትም?» ትለኛለች። «ማንም የለም» እላታለሁ። የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ፣ የምመልስለትንም አውቀዋለሁ፣ የምፈራውም ይህንን ሁለተኛውን ነው።